ጋሼ ባሳ እግሩን የከለከሉበት ቀን

በዚያን ቀን በሥልጠና ክፍሉ ውስጥ የነበርነውን ሰዎች በየተራ ልጥራ።

ዶክተር ሄኖክ ነበር፤ ከባሕር ዳር ተመድቦ የመጣ መሐንዲስ፣ የምርምሩ ኃላፊ። ሰማያዊ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ ዋናው በር አጠገብ ቆሟል። ሲስተር ምሕረት ነበረች፤ ሰው ሠራሽ እግር የተገጠመላቸውን ሰዎች መራመድ የምታስተምር ባለሙያ፣ የሶዶ ልጅ። ጋሼ ባሳ ነበሩ፤ እግሩን የምንሠራበት ወርክሾፕ አንጋፋ ባለሙያና የእኔ አስተማሪ። አስር አለቃ ጴጥሮስ ነበር፤ ግራ እግሩን ከጉልበቱ በታች በጦርነት ያጣ የኪንዶ ዲዳዬ ሰው። ከአዲስ አበባ የመጡ ሦስት እንግዶች ነበሩ። ስማቸውን ነግረውናል፤ እኔ የያዝኩት ግን መልካቸውን ብቻ ነው፤ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሚሰቅሉ ሴት፣ ዝም ብሎ ፎቶ የሚያነሳ ረጅም ወጣት፣ ከመኪና ከወረዱ ጀምሮ ስለ ሶዶ ዝናብ የሚያወሩ ሰው። እኔ ማቴዎስ ደግሞ የጀሶ ክፍሉ በር ላይ ነበርኩ። የጀሶ ክፍሉ ከሥልጠና ክፍሉ ጋር በአንድ በር ይገናኛል። ሌላ ሰው ከነበረ አላየሁትም።

ይህን የምጽፈው ሥራው ስላበቃ ነው። የሥራ ዘመናቸውን የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሸበቱ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ጡረታ የወጣው ሙያው ነው። አሁን ወደ አረካ በሚወጣው መንገድ ዳር በተከራየኋት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የተሰነጠቀ የውሃ ታንከር፣ የባጃጅ መከላከያ፣ አንዳንዴም የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እያሞቅኩ እበይዳለሁ። ፕላስቲኩ ያው ፕላስቲክ ነው። ታንከር ግን ተበይዶ ሲያልቅ ተነስቶ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ከማንም ጋር ሳልነጋገር የምውልበት ጊዜ ብዙ ነው።

ትምህርት ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ባጃጅ ጋራዥ ገባሁ፤ የተሰበረ ፕላስቲክ ማቅለጥና ማጣበቅ ማንም ሳያሳየኝ፣ ብዙ እያበላሸሁ ለመድኩት። አንድ ቀን ጠዋት አንድ ሽማግሌ የተሰነጠቀ ገንዳ በእጃቸው ይዘው መጡ። ጀሶ የሚነክሩበት ገንዳ እንደሆነ ያኔ አላወቅኩም። እሳቱን እያራቅኩና እያስጠጋሁ ስሠራ አጠገቤ ጎንበስ ብለው አዩኝ።

«ማን አስተማረህ?»

«ማንም።»

«ታዲያ እሳቱን መቼ ማራቅ እንዳለብህ በምን ታውቃለህ?»

«መልኩ ይለወጣል። መጀመሪያ ይወዛል፤ ከዚያ ወዲያ አንድ ትንፋሽ ከቆየ ይበላሻል።»

ገንዳውን ተቀበሉኝና ስንጥቁን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። «ነገ ጠዋት ና» አሉ። የት እንደሆነ ሳይነግሩኝ ሄዱ። ጠይቄ ደረስኩበት፤ ሽማግሌው ጋሼ ባሳ ነበሩ።

ወርክሾፑ የመንግሥት የምርምር በጀት ያቋቋመው ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ለቆሰሉ ወታደሮች የሚሰጠው ከውጭ የሚመጣ ሰው ሠራሽ እግር ለአስፋልትና ለሲሚንቶ ወለል የተሠራ ነው። የእኛ አገር ቀይ አፈር ሲዘንብ የጫማ ሶል ገንጥሎ ያስቀራል፤ ዳገቱም ቁርጭምጭሚት ያለውን ሰው እንኳ ያደክማል። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የመጣው እግር ሳይቆይ ተረከዙ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ለገበሬ ወታደር የሚሆን፣ እዚሁ የሚሠራ፣ እዚሁ የሚጠገን እግር እንዲገኝ ገንዘብ ተመደበ። ዶክተር ሄኖክ ከብረት ቁርጥራጭ አንድ ማሽን ሠርቶ ነበር፤ የሠራነውን እግር ቀኑን ሙሉ ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሲያስረግጥ ይውላል። ድምፁን ለምደነው መብራት ሲጠፋና ማሽኑ ሲቆም እንደነግጥ ነበር። ዶክተሩ ጎበዝ ሰው ነው። ጎማውን በተለያየ ጥንካሬ እየቀያየረ በመጨረሻ ያወጣው ንድፍ በማሽኑም በጭቃውም አልተሰበረም። ይህን መጻፍ አለብኝ፤ በኋላ የሆነው ነገር የእግሩ ጥፋት አልነበረምና።

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ውሉም በየጊዜው «ይታደሳል» እየተባለ ነው የኖርነው። ስለዚያ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የምለው ስለ ጋሼ ባሳ ነው። የቤሌ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ ለቆሰሉ ወታደሮች እግር መሥራት ጀምረው ዕድሜያቸውን በዚያ ጨርሰዋል፤ ጡረታ ወጥተው አገራቸው ከገቡ በኋላ ነው ለዚህ ሥራ የተጠሩት። ሰው ሲመጣላቸው መጀመሪያ እጃቸውን በሞቀ ውሃ ይታጠባሉ። «ቀዝቃዛ እጅ የነካው ጡንቻ ይኮማተራል፤ የተኮማተረ ጡንቻ ለክተህ ለማን ልትሰጠው ነው?» ይሉኝ ነበር። ከዚያ ከተቆረጠው በላይ የቀረውን እግር በእርጥብ የጀሶ ፋሻ ይጠቀልላሉ። ከጉልበት ሎሚው በታች ያለውን ቦታ በሁለት አውራ ጣታቸው ተጭነው ይይዛሉ። ጀሶ ሲጠነክር ይሞቃል። በዚያች ሰዓት ማንም አያወራም፤ ዶክተር ሄኖክም ቢገባ በሩ ላይ ይቆማል።

ከዚያ በፋሻው ቅርፊት ውስጥ ጀሶ ተሞልቶ የእግሩ ምስል ይወጣል። በምስሉ ላይ፣ አጥንት ያለበት ቦታ ላይ ጀሶ እንጨምራለን፤ ሥጋ ያለበትን በሞረድ እንፍቃለን። በዚያ ላይ የጋለ ፕላስቲክ ሲለበጥ ሶኬት የምንለው ጽዋ ይወጣል፤ የቀረው እግር የሚገባው እዚያ ውስጥ ነው። አጥንቱ አየር እንዲያገኝ፣ ክብደቱን ሥጋው እንዲሸከም ነው ይህ ሁሉ። የሞረዱን ሥራ ለእኔ እስኪሰጡኝ ድረስ ብዙ ጠበቅኩ። ከሰጡኝም በኋላ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣታቸው ይመረምሩታል። «እዚህ ጋ ቸኩለሃል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው።

ሌላው ልማዳቸው ይህ ነው፤ እግር ያደረገ ሰው ለምርመራ ሲመጣ «ያምሃል?» ብለው ጠይቀው አያውቁም። «ዛሬ ስትመጣ የት የት አረፍክ?» ነው የሚሉት። ሰውየው «እዛ ዋርካው ጋ፣ ከዚያ ድልድዩ ጋ» እያለ ሲያወራ እግሩን ያስወልቁና መዳፋቸውን ገና ሙቀት ባለው ሶኬት ውስጥ ይከታሉ። የረጠበውንና የጋለውን ቦታ ይፈልጋሉ። ከዚያ ቆዳውን ያያሉ። ቀይ የሆነው ቦታ ወሬው ሳያልቅ ከደበዘዘ ደህና ነው። ካልደበዘዘ ሞረድ ያነሳሉ።

አስር አለቃ ጴጥሮስ የመጨረሻውን ንድፍ እንዲያደርግ የተመረጠው ቤቱ ከሁሉም ይልቅ አስቸጋሪ ቦታ ስለሆነ ነው። ከሃላሌ ወጣ ብሎ፣ ወደ ገደል የሚወርድና መልሶ የሚወጣ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ጉልበቱ አለ፤ ጉልበት ያለው ሰው ደግሞ ዳገት ይወጣል፣ ከመሬት ይነሳል፣ እንሰት ይኮተኩታል። ከጉልበት በላይ ለተቆረጠ ሰው የሚሆን መገጣጠሚያ በእኛ ወርክሾፕ አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ከደጃፉ አልፎ አይሄድም።

ጴጥሮስ መጀመሪያ እየያዙ መራመድ በሚለማመዱባቸው ሁለት ብረቶች መሃል የቆመ ቀን ላቡን እየጠረገ ይቀልድ ነበር።

«ሲስተር፣ ይሄ እግር ከድሮው ይሻላል።»

«በምን ይሻላል?» አለች ሲስተር ምሕረት።

«ሙጀሌ አይገባበትም።»

«አይዞህ» አሉ ጋሼ ባሳ ከወንበራቸው ሳይነሱ፣ «አንተን ያጣ ሙጀሌ ማቴ ጋ ይመጣል። ጣቶቹ አሥር ናቸው።»

ከሁሉም በላይ የሳቀው ጴጥሮስ ነው። መራመዱን ሲጨርስ ጋሼ ባሳን «አዋ» ብሎ ጠራቸው፤ በእኛ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም አልጠራቸውም።

ወደ ቤቱ በተመለሰ በመጀመሪያው እሑድ ሲስተር ምሕረትን ቸርች ጋበዛት፤ ሄደች። ሰኞ ጠዋት እየተፍለቀለቀች ነገረችን። ከረባት አስሮ፣ ከጉባኤው ፊት ቆሞ መሰከረ። በሁለት እግሬ ሄድኩ፣ በአንድ ተመለስኩ፣ ዛሬ ጌታ በሁለት እግር አቆመኝ አለ። እናቱ እልል አሉ። ፓስተሩ ከመድረኩ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ መድረኩ አስሄዱት፤ ሕዝቡ ቆሞ ዘመረ። ዶክተር ሄኖክ ደስ ብሎት ሁለት ጊዜ አስነገራት። ጋሼ ባሳ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ቸርቹ ከቤቱ ምን ያህል ይርቃል?»

«ሩቅ ነው፤ ዳገቱን ወጥቶ ነው።»

«ታዲያ ሲደርስ ላፍታ አውልቆ አረፈ?»

ሲስተር ምሕረት አላስታወሰችም።

ከዚያ የመኪናው ነዳጅ ተቋረጠ። በጀቱ ውስጥ የመስክ ጉዞ የሚለው ክፍል አልቋል ተባለ። እግር የተገጠመላቸውን ሰዎች በየሳምንቱ በስልክ እንድንከታተል ተወሰነ፤ መደወሉም ለሲስተር ምሕረት ተሰጠ። እኔ በሞረድ እየሠራሁ እሰማታለሁ።

«አስር አለቃ፣ ሳሮ? እግሩስ?»

ሳሮ በወላይትኛ ደህና ማለት ነው፤ መጠየቂያውም መልሱም። የጴጥሮስ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ እኔ ድረስ ይሰማል። «ሳሮ ነው ሲስተር! ጌታ ይመስገን!»

አንድ ጠዋት ጋሼ ባሳ ስልኩ እስኪዘጋ ጠበቁና «ምሕረት፣ ሳሮ እኮ መልስ አይደለም» አሏት። «እኛ አገር ሰው ለቅሶ ቤት ተቀምጦም ሳሮ ነው የሚለው። እንግዳው ሲቀመጥ፣ ውሃ ሲጠጣ ነው እውነቱ የሚመጣው።»

«እና በስልክ ውሃ ላጠጣው ጋሼ?»

«አንቺ ሂጂና ጠጪ።»

«በምን መኪና?»

ጋሼ ባሳ ወደ ጀሶው ተመለሱ።

ወራት አለፉ። እንግዶቹ ከአዲስ አበባ ሊመጡ መሆኑ ተነገረን። በጀቱ ይቀጥል ወይስ ይቁም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው፤ ማየት የሚፈልጉትም አዲሱን እግር አድርጎ የሚራመድ ሰው ነው። የመጨረሻውን ንድፍ ያደረገው ጴጥሮስ ብቻ ነበር። ጋሼ ባሳና እኔ በራሳችን ኪስ አውቶቡስ ተሳፍረን ልናመጣው ሄድን። ቤሌ ላይ ወርደን ሌላ መኪና ቀየርን፤ ከሃላሌ በኋላ በእግር ነው። ጋሼ ባሳ ዳገቱ ላይ ቆም እያሉ መሬቱን በዱላቸው ይነካኩ ነበር። «ይሄን ሳናይ ነው የለካነው» አሉ።

ጴጥሮስ ከእንሰቱ መሃል እየተራመደ ወጥቶ ተቀበለን። እግሩን አድርጓል፤ ፈገግ ብሏል፤ ግንባሩ ግን ላብ በላብ ነው፣ አየሩ ደግሞ ቀዝቃዛ ነበር። እናቱ የተቀቀለ ጎደሬ አቀረቡልን። ጋሼ ባሳ የቀረበላቸውን በልተው ጨረሱ። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረው በወላይትኛ ጠየቋቸው፤ ይህን ነገር ቀን ቀን ያወልቀዋል ወይ?

«ለመኝታ ብቻ» አሉ እናቱ። «ያተኩሰዋል። አውልቅ ስለው ሰው ያየኛል ይላል።»

ጴጥሮስ መሬት መሬት አየ። ጋሼ ባሳ እጃቸውን ታጠቡና እግሩን አወለቁት። በቀረው እግሩ ላይ ያጠለቀው ካልሲ አልወጣ ብሎ ነበር፤ በውሃ አርሰው ቀስ እያሉ አላቀቁት። ከአጥንቱ ጫፍ ላይ ቆዳው ተከፍቶ፣ ዳርና ዳሩ ጠቁሮ፣ መሃሉ ጎድጉዷል። ሽታውን አልረሳውም።

የሆነው ነገር በሙያችን የታወቀ ነው። የተቆረጠ እግር በመጀመሪያዎቹ ወራት ይከሳል። ሲከሳ ሶኬቱ ይሰፋበታል፤ ሲሰፋበት አጥንቱ ወደ ታች ይሰምጥና ጽዋውን መርገጥ ይጀምራል። ወፍራም ካልሲ ቢጨመርለት፣ አለዚያም አዲስ ሶኬት ቢሠራለት ያበቃ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ቢመጣ ወይም አንድ ጊዜ ብቻ ብንሄድ።

«ለምን አልነገርክም?» አልኩት እኔ።

እሱ ለእኔ አልመለሰም፤ ለጋሼ ባሳ ነው የመለሰው። «አዋ፣ በሕዝብ ፊት ጌታን አመስግኜበት እንዴት ብዬ አውልቄው በክራንች ልሂድ? የተሰጠውን ጣለ አይሉም?»

ጋሼ ባሳ ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ እየሸፈኑ ቆዩ። «የሰጠህ ጌታ ነው» አሉ። «የሠራሁት ግን እኔ ነኝ። ሲሰፋህ ለእኔ ትነግረኛለህ።»

ሶዶ አምጥተን ሐኪም አሳየነው። ሐኪሙ ቁስሉ አጥንት ላይ ሊደርስ ትንሽ እንደቀረው፣ እግሩን ሳያደርግ ከቆየ እንደሚድን ነገረን። አንድ ቀን ከቆመበት ግን ቃል እንደማይገባ፣ ቀጥሎ የሚቆርጠው ከጉልበቱ በላይ እንደሚሆን በግልጽ ተናገረ። ይህን ስንሰማ ዶክተር ሄኖክም አብሮን ነበር። ጴጥሮስም ሰምቷል።

እንግዶቹ በመጡበት ጠዋት ጴጥሮስ ሱሪውን ተኩሶ፣ ያቺኑ ከረባት አስሮ መጣ። ቁስሉ ገና አልደረቀም። «እግሬን አምጡልኝ» አለ። ወርክሾፑ ሲመላለስ እንደ እሱ ያሉ ሰዎችን ተዋውቆ ነበር፤ ጀሶ ተለክቶላቸው፣ በጀቱ እስኪቀጥል እግራቸውን የሚጠብቁ። ከእነሱ መካከል አብሮት የተዋጋም ነበር። ዶክተር ሄኖክ ፊቱ ገርጥቶ ጋሼ ባሳ ጋ ሄደ።

«ጋሼ፣ ጥቂት እርምጃ ብቻ። በብረቶቹ መሃል። ክብደቱን በእጁ ይዞ።»

«በእጁ የሚራመድ ከሆነ እግር ምን ያደርግለታል?»

«የሚጠብቁት ሰዎችስ?»

«አውቃቸዋለሁ» አሉ ጋሼ ባሳ። እግሩን ከመደርደሪያው አንስተው በብብታቸው ያዙትና ወደ ጀሶ ክፍሉ ሄዱ። ጴጥሮስ በክራንቹ ተከተላቸው።

«አዋ፣ እግሬን ስጡኝ።»

«አልሰጥም።»

«ወታደር ነኝ እኮ! ለጓዶቼ ስል ከዚህ የባሰ ሄጃለሁ። የእኔ ነው፣ ስጡኝ!»

«እግሩ የመንግሥት ነው» አሉ ጋሼ ባሳ። «ጉልበቱ ግን ያንተ ነው። እሱን ለማንም አታስጎበኝም።»

ጴጥሮስ አንዱን ክራንች ወለሉ ላይ ወረወረው። ሲስተር ምሕረት ሮጣ ደገፈችው። ሦስቱም ጀሶ ክፍል ገቡ፤ በሩ ተዘጋ። እኔ ክራንቹን አንስቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ከውስጥ የሚሰማ ነገር አልነበረም። ድንገት የመኪና በር ሲዘጋ ሰማሁ፤ እንግዶቹ ገቡ። ዶክተር ሄኖክ ማሽኑን አሳያቸው፤ እግሩ ሲረግጥና ሲነሳ ቆመው አዩ፤ ስለ ዝናብ የሚያወሩት እንግዳ በዚህ ዝናብ ማሽኑ አይዝግም ወይ ብለው ጠየቁ። ዶክተሩ እየመለሰ ዓይኑ እኔ ላይ ነው።

በሩ ተከፈተ። ጴጥሮስ ወጣ፤ በአንዱ ክራንችና በሲስተር ምሕረት ትከሻ ተደግፏል፤ የግራ ሱሪው ተጣጥፎ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ከኋላው ጋሼ ባሳ ባዶ እጃቸውን ወጡ። ጴጥሮስ እንግዶቹ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጠና ቁልፉን ፈታ። ሲስተር ምሕረት ፋሻውን አነሳችለት። ረጅሙ ወጣት ካሜራውን ዝቅ አደረገ።

«እግሩ ጥሩ እግር ነው» አለ ጴጥሮስ። «ገደል ወርጄበታለሁ። ሲደውሉልኝ ግን ሳሮ ነኝ አልኳቸው። እንዲህ ሆኜ ሳሮ ነኝ አልኩ። እንደ እኔ ያለውን ሰው በስልክ አትጠይቁት። ቤቱ ሄዳችሁ አስወልቃችሁ እዩት።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ። ጎንበስ ብለው ቁስሉን ረጅም ጊዜ አዩት። «አሁን ያምሃል?» አሉት።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለ ጴጥሮስ።

ወዲያው ቆም አለ። ራሱን ነቀነቀ። ሊስቅ ነበር፤ አልሳቀም።

«አዎ» አለ። «ያመኛል።»

ዶክተር ሄኖክ በእጁ የያዘውን የተዘጋጀ ንግግር አጥፎ ኪሱ ከተተው። ከዚያ ስለ ነዳጁ ነገራቸው፤ ምንም ሳይደብቅ፣ የራሱንም ድርሻ ሳያሳንስ። በዚያች ቀን ያከበርኩትን ያህል አክብሬው አላውቅም።

በጀቱ አልቀጠለም። ምርምሩ ለሥራ የሚበቃ ውጤት ላይ አልደረሰም ነው የተባለው። ጴጥሮስ ያን ቀን ቢራመድ ይቀጥል ነበር ወይ? ዶክተር ሄኖክ ገንዘቡ ድሮም ሊቆም ነበር ይላል። እኔ አላውቅም። ወርክሾፑ ከመዘጋቱ በፊት የጴጥሮስ ቁስል ደረቀ፤ ሐኪሙም ፈቀደ። ጋሼ ባሳ በቀረችን የመጨረሻ ፕላስቲክ አዲስ ሶኬት አወጡለት። ያቺን ሶኬት ከማሳመር በቀር ቀኑን ሙሉ ሌላ ሥራ አልነበረንም፤ ማሽኑም ቆሞ ነበር። ጴጥሮስ አድርጓት ወደ ሃላሌ ተሳፈረ።

ከዚያ ሰው እየቀነሰ ሄደ። ዶክተር ሄኖክ ወደ አገሩ ተዛወረ፤ ሲስተር ምሕረት ሐዋሳ ሥራ አገኘች፤ ጋሼ ባሳ ቤሌ ገቡ። ክፍሉ ለሌላ መሥሪያ ቤት ሲሰጥ እግር የሚጠብቁት ሰዎች የጀሶ ምስሎች መደርደሪያው ላይ ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ ጋሼ ባሳ ስም ጽፈዋል። ሰባብረህ ጣል ተባልኩ። በባጃጅ ጭኜ ወደ እኔ ክፍል አመጣኋቸው። አሁን ከበስተኋላዬ በሸራ ተሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰዎቹ አንዳንዴ ይደውላሉ።

«ማቴ፣ ተጀመረ?»

«አልተጀመረም።»

«እሺ፣ ይሁን። ቤተሰብ ደህና?»

ቤተሰብ ደህና ነው እላለሁ። ከዚያ ስልኩ ይዘጋና የምሠራው ታንከር ጋ እመለሳለሁ።

ጋሼ ባሳ ባለፈው ክረምት ቤሌ አረፉ። ቀብራቸው ላይ ብዙ ሕዝብ ነበር፤ የሚያውቋቸው ግን እንደ ቸርች ሽማግሌና እንደ ጥሩ ጎረቤት ነው። ስለ እግር ያነሳ ሰው አልነበረም። ከወርክሾፑ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። የማወራው ሰው ስላጣሁ በማግስቱ ወደ ሃላሌ ሄድኩ።

ጴጥሮስ መርዶውን ሰምቶ ነበር። ከተቀመጥን በኋላ ውሃ አስመጥቼ እጄን ታጠብኩና እግሩን አስወለቅኩት። መዳፌን ሶኬቱ ውስጥ ከተትኩ። ደረቅ ነው። ቆዳው ንጹሕ ነው፤ የድሮው ቁስል ቦታ ነጣ ያለ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል። የእግሩ ጎማ ግን ተረከዙ ላይ አልቋል። መቀየሪያ የለኝም። ከአሮጌ ጎማ ቆርጬ ለጥፌለታለሁ፤ እስከ መቼ እንደሚይዝ አላውቅም።

«ያን ቀን ጀሶ ክፍል ውስጥ ምን ብለው አሳመኑህ?» አልኩት። ለዓመታት ልጠይቀው ፈልጌ ነበር።

«ምንም አላሉም» አለ። «ቁጭ አደረጉኝ። ጉልበቴን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ እንደ ጀሶው። አልለቀቁኝም። እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር።»

የእሳቸውን እጅ ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ፤ አጠገባቸው ሆኜ ስንቱን ሰው ሲለኩ አይቻለሁ፤ አንድም ቀን ሲንቀጠቀጥ አላየሁም። ጴጥሮስ ይህን እስኪነግረኝ ድረስ ሳያመነቱ የከለከሉት ይመስለኝ ነበር። የመደርደሪያውን ስሞች የጻፉት ራሳቸው ናቸው፤ ጴጥሮስን ሲከለክሉ እግር የሚጠብቁትንም ሁሉ እየከለከሉ ሊሆን እንደሚችል ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ስለዚህ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ የምታውቁትን ጨምሩበት። ዶክተር ሄኖክ፣ እንግዶቹን እስከ መኪናቸው የሸኘሃቸው አንተ ነህ፤ ሴትየዋ ከመግባታቸው በፊት ዞረው አንድ ነገር ሲሉህ በመስኮት አይቻለሁ፣ ምን ነበር? ፎቶ ያነሳኸው ወንድም፣ ካሜራውን ዝቅ ከማድረግህ በፊት ያነሳኸው ካለ ማየት እፈልጋለሁ። ሲስተር ምሕረት፣ አንቺ ውስጥ ነበርሽ። ጴጥሮስ ያን ጊዜ ተናዶ ነበር፤ የሚንቀጠቀጠው የራሱ ጉልበት ሆኖ እሱ የእሳቸው እጅ መስሎት ይሆናል። አንቺ ከጎናቸው ቆመሽ አይተሻል። የሚንቀጠቀጠው የማን ነበር?